የወንድምጋሼ ቀበቶ

ልብስ ሰፊው የጠላቂዎች ዕቃ የሚሸጥበትን ሱቅ በር ሲገፋ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። በጋውን ሙሉ «ጆሮዬን» ሲል የከረመው ታላቅ ወንድሙ፣ መካኒኩ፣ ድኛለሁ ብሏል፤ እሁድ አብረው ባሕር ሊወርዱ ነው።

በአንድ ትንፋሽ ጠልቀው ዓሣ በጦር የሚወጉ ሰዎች ሕግ አላቸው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ላይ ተንሳፍፎ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቀዋል። ታች ራሱን የሳተ ሰው ሌላ አዳኝ የለውም። ልብስ ሰፊው ወንድሙ ታመምኩ ካለ ወዲህ ውሃ አልነካም። ስንቱ አብረን እንሂድ ቢለው «ያለ ወንድምጋሼ አልወርድም» ብሎ ድርቅ አለ። ይባስ ብሎ የጆሮ ጠብታ እየገዛ፣ የዚያን ግዙፍ ሰውዬ ጭንቅላት ጭኑ ላይ አስተኝቶ ሲያንጠባጥብለት ከረመ። የዋህነት ሲበዛ እንዲህ ነው።

አሁን ስጦታ ሊገዛለት ነው የመጣው። ጠላቂን ወደ ታች የሚስቡትን የእርሳስ ጥፍጥፎች የሚሸከመው የወንድሙ አሮጌ የጨርቅ ቀበቶ፣ ጠልቀው ሰውነት በውሃው ሲጨመቅ ይላላና ደረት ላይ ይወጣል። የላስቲኩ ግን ተለጥጦ ስለሚታሰር አብሮ ይሰበሰባል። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አወጣለት። ልብስ ሰፊው ሁለቱንም እየሳበ ፈተሸና ለስላሳውን መረጠ። ማያያዣውንም ደጋግሞ ሞከረው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ በቀኝ እጅ አንዴ ሲስቡት ተፈትቶ እርሳሱን መጣል አለበት። ከዚያ ልኩን ሜትር ሳያወጣ በቃሉ ተናገረ። የወንድሙን ሱሪ የሚሰፋው እሱ ነዋ።

ባለሱቁ መቀሱን አስቀምጦ ሳቀ።

«እሱማ የወገቡ ነው፤ ይሄ ዳሌ ላይ ነው የሚታሰረው። የመካኒኩን ልክ እኔ አውቀዋለሁ፣ በጋው ሲገባ ይሄንኑ ቆርጬለት የለ? ምነው፣ ጠፋበት እንዴ? ባለፈው ሳምንት ከጥርስ ሐኪሙ ጋር ከባሕር ሲወጡ ታጥቆት ነበር።»

ልብስ ሰፊው ክው አለ። ባለሱቁም ነገር እንዳበላሸ ገብቶት መቀሱን መልሶ አነሳ። ልብስ ሰፊው ግን ሲረጋጋ፣ በሚያውቀው ልክ እንዲቆርጥለት ነገረው። ቀበቶውን ጠቅልሎ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ያንገበገበው ውሸቱ ብቻ አልነበረም። ያ ጠብታ ነው። ደህና ጆሮ ውስጥ ጠብታ እያስጨመረ እንዴት አስቻለው?

መካኒኩ አንድ ሞተር ላይ አጎንብሶ ነበር።

«ጆሮህ እንዴት ነው፣ ወንድምጋሼ?»

«ደህና ነው። አልፎ አልፎ ይጮህብኛል እንጂ።»

«እንካ። በልክህ ነው። ባለሱቁ ልክህን ያውቀዋል።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ከጠራለትም በኋላ ይጠርግ ነበር። እንደማያዋጣው አይቶ ለመካድ አልሞከረም። ሲናገርም ወንድሙን ሳይሆን ቀበቶውን እያየ ነው።

«አንተ ከወረድክ አትወጣም። ፊቴን ውሃ ውስጥ ደፍቼ አንተን መጠበቅ ሰለቸኝ። አንዳንዴማ ትቼህ ዳር ዳሩን ዓሣ እፈልግ ነበር። ብነግርህ ትቀየመኛለህ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊው በመንገድ ያዘጋጀው ስድብ ሁሉ ጠፋበት። ዓይኑ ፊት የመጣው ያ ጨለማ የባሕር ወለል ነው። እዚያ አሸዋው ላይ ተኝቶ፣ ሆዱ ሳይፈራ፣ ዓሣው እስኪቀርብ ተረጋግቶ የጠበቀባቸው ቀናት።

«እኔ እኮ ስወርድ» አለው፣ «አንድም ቀን ቀና ብዬ አይቼህ አላውቅም።»

መካኒኩ ወደ ሞተሩ ተመልሶ አጎነበሰ። ስለ እሁዱ ሁለቱም አላነሱም።