አንድ ክንድ ከፍ ያለ አጥር

አሰልጣኙ በር ላይ ቆሞ ጫማውን ሲጠርግ እናቲቱ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች አየችው። ጫማው ኖራ ነበረበት። ልጇም ከሦስት ቀን በፊት ከፍርስራሹ ሥር ሲወጣ እስከ ቅንድቡ ኖራ ለብሶ ነበር።

«ግባ እንጂ» አለችው። «ወለል ቆሸሸ ብሎ የሚጨነቅ ሰው እዚህ ቤት የለም።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ ከቦርሳው በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አውጥቶ በሁለት እጁ ለሟች ሚስት ሰጣት። ሥልጠናው ካለቀ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ሰርተፊኬቱ ግን ተፈርሞ የመጣው ገና ትናንት ነው። የመንግሥት ፊርማ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ሲሞት ይደርሳል።

ምራቲቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። በግንበኝነት ሙያ የሦስት ወር ሥልጠና፣ አንድም ቀን ሳይቀር፣ በትጋት። «በትጋት» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ። አጥር የምትዋሰናቸው ልብስ ሰፊ ከፔርሙዙ ቡና ቀድታ አቀበለቻት።

እናቲቱ አላለቀሰችም። እሷ ስታለቅስ ያየ ሰው የለም፤ ስትሳደብ ያላየም የለም።

ሟቹን ሰፈሩ «ተማሪው» ነበር የሚለው። የአርባ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ። ሃያ ዓመት የሠራበት የክር ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ሥራ ፈላጊ የሚመዘገብበት ቢሮ ሄዶ ተሰለፈ፤ ቢሮው ደግሞ መንግሥት የሚከፍልለት ማሰልጠኛ አስገባው። መጀመሪያ ኮምፒውተር ተማረ፤ ጣቱ የለመደው ክር እንጂ ፊደል አልነበረም። ቀጥሎ የፍሪጅ ጥገና ተማረ፤ በከተማው ያለው ፍሪጅ ሁሉ ቀድሞ የሚጠግነው ሰው ነበረው። ከዚያ ግንበኝነት። ምሳ ሰዓት ላይ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ በገባ ቁጥር እናቱ በእንግዳ ፊት «ና እስቲ ጆሮህን ልቆንጥጥህ፤ የቤት ሥራህን ሠርተሃል?» ትለዋለች። እንግዳው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል። መጨረሻ የሚቆመው የሷ ሳቅ ነው። እሷ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጣ አታውቅም፤ በዚያም ትኮራለች። ፊደል የቆጠረውንም ያልቆጠረውንም ዝናብ እኩል ነው የሚመታው ባይ ነበረች።

እሱ ግን ይነግራት ነበር። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ግንብ ያቆማሉ። ዓርብ አሰልጣኙ በውሃ ልክና በቱምቢ ቀጥ ማለቱን ለክቶ ነጥብ ይሰጣል፣ ከዚያ ራሳቸው ያፈርሱታል። ጡቡን አንድ በአንድ በግንበኛ ማንኪያ ፍቀው ለሰኞ ይደረድሩታል። ጡብ ውድ ነው፤ በየሳምንቱ ሌላ አይገዛም።

«ሰኞ ሠርቶ ዓርብ የሚያፈርስ ሰው እብድ ነው የሚባለው» አለችው። «እናንተ አርባ ሰው ስለሆናችሁ ነው ሥልጠና የተባለው?»

ቡናው ለሁለተኛ ጊዜ ሲዞር ልብስ ሰፊዋ ወደ ምራቲቱ ጆሮ ጠጋ አለች። የሷ ሹክሹክታ እንደ ስፌት መኪናዋ ነው፣ ጎረቤት ይሰማዋል። ከወደቀው የጓሮ አጥር ፍርስራሽ አንድ ጡብ አንስታ እንደነበር፣ የተለጠፈበት ነገር መዳፏ ላይ ዱቄት ሆኖ እንደቀረ ነገረቻት። ሰው አንገቱን ቀና አደረገ።

ምራቲቱ ሰርተፊኬቱን ጭኗ ላይ አስተካክላ አሰልጣኙን አየችው። «ለምንድነው እንዲህ የሚፈረፈረው፣ መምህር?»

ሰውየው ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ሁለት ጣቶቹን አንዱን ባንዱ ላይ ያሻል።

«ሲሚንቶ የለውም» አለ።

ቁጭ ብሎ አስረዳቸው። ማሰልጠኛው ውስጥ የሚለማመዱት በኖራና በአሸዋ ልውስ ብቻ ነው፤ ሲሚንቶ ከገባበት ጡቡ አይላቀቅም፣ ዓርብ አይፈርስም። እውነተኛውን ልውስ፣ ሰው ከሥሩ ለሚያልፍበት ግንብ የሚሆነውን፣ የሚያስተምሯቸው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ያን ሳምንት ቅዳሜንም ጨምረው አንድ ግንብ ይሠራሉ፤ እሱ አይፈርስም።

«ታዲያ እሱ አልተማረም?» አለች ምራቲቱ።

አሰልጣኙ ሰርተፊኬቱን አየ። «በመጨረሻው ሳምንት አልነበረም። ስድስቱንም ቀን ቀርቷል። እናቴ የምታሠራኝ ሥራ አለ ብሎ አስፈቀደኝ። የቀረህ ነገር አለና ተመልሰህ ና ብዬው ነበር፤ አልመጣም። ሰርተፊኬቱ እንዳይቀርበት ብዬ የተገኘ አድርጌ የፈረምኩለት እኔ ነኝ።»

ምራቲቱ ያን ሳምንት ሌላ ከተማ ነበረች፤ የወለደች እህቷን ልታርስ ሄዳ። ስትመለስ አጥሩ ቆሞ አገኘችው፤ ከሥልጠና መልስ፣ ከሰዓት ከሰዓት የሠራው መስሏት ተደነቀች። ልብስ ሰፊዋ ቀኑን ሙሉ ሱቋ ናት። ያየች እናቲቱ ብቻ ነበረች።

የዚያ ሳምንት ሰኞ ጥዋት ደብተሩን ይዞ ሊወጣ ሲል በር ላይ ነው የያዘችው። ዝናብ ሳይገባ የጓሮው አጥር እንዲያልቅላት ፈልጋለች። የልብስ ሰፊዋ አጥር ከሷ ልቆ መቆሙ ዓመት ሙሉ ሲያንገበግባት ኖሯል።

«አንድ ሳምንት ነው የቀረኝ፣ እማዬ» አላት። «መምህሩ ስለ ልውሱ የሚነግረን አለ።»

«ጭቃ ጭቃ ነው። በአሥራ አንድ ሳምንት ያልገባህ በአሥራ ሁለተኛው ሊገባህ ነው? አንድ የሚቆም ነገር ሠርተህ አሳየኝና ልሙት።»

ደብተሩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። «ቁመቱ ምን ያህል ይሁን?»

«ከሷ አንድ ክንድ ይብለጥ።»

በስድስት ቀን አቆመው። ልክ እንደተማረው ሠራው፤ ቱምቢው ፀጉር ታህል አልዛነፈም። በሰባተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ አንገቷን አስግጋ አየች፤ ቅናቷ ከፊቷ ይነበብ ነበር። እናቲቱ ያን ቀን ልጇን ልታመሰግነው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። እንዳይጠግብ ብላ ለሌላ ቀን አቆየችው።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ጣለ። በአራተኛው ጥዋት ግንቡ ሆድ አወጣ። «ሂድ ደግፈው» አለችው፣ «ይቺ ሴትዮ ሳትስቅብን።» ሄዶ በትከሻው ደገፈው።

«እማማ» አለች ምራቲቱ። ሰርተፊኬቱን ጭኗ ላይ እንደያዘች ወደ አማቷ ዞረች። «እውነት ያን ሳምንት ቀርቶ ነበር?»

እናቲቱ ወረቀቱን አየችው። ጥግ ላይ ክብ ማኅተም አለው፤ ማኅተም ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

«አንድም ቀን ሳይቀር ይላል።»

«እንግዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ማንበብ የምትችይ አንቺ ነሽ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ለቀስተኛው እንዳለ ፊቱን ወደ አሰልጣኙ አዞረ። ልብስ ሰፊዋ፣ ከሙት ላይ ስድስት ቀን የሚሰርቅ አስተማሪ ዛሬ አየሁ አለች። ምራቲቱ እያለቀሰች፣ ልቅሶው ሳያልቅ ይህንኑ ወረቀት ይዛ ቢሮው እንደምትሄድ፣ እሱ ሌላ ሰው ሳይገድል ከዚያ ማሰልጠኛ እንደምታስወጣው ነገረችው። ሰውየው የሚያየው እናቲቱን ነበር።

«እማማ፣ እርስዎ ያውቃሉ» አለ።

«የማውቀው ልጄን ማጣቴን ነው። ወንበሩን ለሚቀመጥበት ልቀቅ።»

ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። የረገጠበት ቦታ ላይ ነጭ ዱካ ቀረ።

በልቅሶው አምስተኛ ቀን ጥዋት ምራቲቱ ጥቁሯን ለብሳ፣ ሰርተፊኬቱን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ቢሮው ሄደች። ለቀስተኛ ገና አልመጣም። እናቲቱ ጓሮ ወጣች። የልጇ የግንበኛ ማንኪያ መስኮቱ ላይ፣ ከደብተሩ አጠገብ ነበር፤ አነሳችው። ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችና ከክምሩ አንድ ጡብ አውጥታ ጭኗ ላይ አደረገች። ፋቀችው። ልውሱ ሳይታገል ለቀቀ። አስቀመጠችው፣ ሌላ አነሳች፤ እሱ እንዳወራላት፣ ጠርዝ ለጠርዝ እየገጠመች ደረደረች። ልብስ ሰፊዋ በራሷ አጥር ላይ ብቅ ብላ፣ ይተዉት እማማ፣ ቀን ሠራተኛ ይጠራል አለቻት። እናቲቱ ሌላ ጡብ አነሳች። በመሃላቸው ቆሞ የቀረው የልብስ ሰፊዋ አጥር አሁን ከሁሉ የረዘመ ነበር።

ምራቲቱ የተመለሰችው ለምሳ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነው። የጓሮውን በር ይዛ ቆመች።

«አባረሩት» አለች። «ፊርማውን ሲያሳዩት አንድ ነገር አልተናገረም። ስለ እርስዎም አላነሣም።»

እናቲቱ ቀና አላለችም። ጭኗ ላይ ያለው ጡብ ጸድቶ አልቆ ነበር። ማንኪያውን አነሳችና ደግማ ፋቀችው።