ከወንበሮቹ ጀርባ ያለው ቁጥር

አራት ናት፣ ዘጠኝ አይደለችም፣ አራት፣ እሰይ፣ እርሳሱን አስተኝቼ ብረቱ ላይ በለጠፍኩት ወረቀት ሳሻሸው ነጭ ሆና ብቅ ትላለች፣ ቀስ በይ ሴትዮ፣ ወረቀቱን እንዳትቀጂው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ቁጥር የጻፈ እጅ ዛሬ አንዲት አራት ፍለጋ ብረት ያሻሻል። ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሷል። እዚህ ጉድጓድ ውስጥ እንዴት እንደገባሁ እንጃ፣ እንዴት እንደምወጣማ አይጠየቅ፣ መኪናዋ ያላት ሁለት ወንበር ብቻ፣ ከወንበሮቹ ጀርባ ያለው ቦታ ለአንድ ሻንጣ የተሠራ፣ እኔ ደግሞ የሃምሳ ስድስት ዓመት የሒሳብ መምህርት፣ ተጣጥፌ፣ ጉንጬን ቀዝቃዛ ብረት ላይ ለጥፌ፣ አራት! እያልኩ እጮሃለሁ፣ የኢንሹራንሱ ሰውዬ ውጭ ቆሞ የመኪናዋን ሊብሬ ገልጦ፣ አራት፣ ልክ ነው እማማ፣ ይቀጥሉ ይላል። እማማ ይበለኝ። ከአንድ ሰዓት በፊት ቢሆን መልስ ነበረኝ፣ አሁን ግን አያቴ ቢለኝም አቤት ነው የምለው።

ዜሮ። ክብ፣ ሙሉ፣ የማታጠራጥር ዜሮ፣ ዜሮ እንዲህ ያስደስታል ብሎ ማን ጠረጠረ፣ የተማሪ ደብተር ላይ ስንቷን አስቀምጫለሁ።

ከአንድ ሰዓት በፊትማ ጉድ ሆኜ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ የሻንሲ ቁጥሯን ያሳዩኝ ሲለኝ ይኸው ከባትሪው ጀርባ ብዬ ጠቆምኩ፣ ጎንበስ አለ፣ አውራ ጣቱን አሳለፈበት፣ ምንም የለም አለኝ። እንዴት ምንም የለም፣ አልኩና አየሁት፣ የለም፣ እንቁላል የመሰለ ቀይ ልስላሴ ብቻ፣ የገዛ እጄ ሥራ፣ የባትሪው አሲድ የበላውን ብረት ቆርጬ አዲስ ላሜራ በይጄበት፣ ስቱኮ ለቅልቄ፣ ሦስት ሳምንት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ቀለም ነፍቼበት፣ ጎረቤት ጠርቼ ዳስሱት፣ ስፌቱ የት እንዳለ ንገሩኝ እያልኩ ስኩራራ፣ ቁጥሩ የተቀረጸው እዚያ ቆርጬ በጣልኩት ቁራጭ ላይ ነበር። ቁራጩን ቁርጥራጭ ብረት የሚሰበስበው ቁራሌው ወስዶታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ለኔ የተተረተ ነው፣ ከማጥፋታችሁ በፊት ገልብጡ እያልኩ ስንቱን ልጅ ጆሮ የቆነጠጥኩ ሴት። ቁጥር የሌላት መኪና ኢንሹራንስ አትገባም አለኝ ሰውዬው፣ የማን እንደሆነች አይታወቅማ፣ ደግሞ ሰው የመኪና ቁጥር የሚያጠፋው… ብሎ ተወው። አፍሮልኝ ነው የተወው። ሌባ ሳይለኝ ሌባ አለኝ።

ምን አገኘሽ፣ ይላል ወንድሜ በመስኮቱ፣ ስምንት ልትሆን ነው መሰለኝ፣ ቆይ፣ እላለሁ፣ ስምንት ናት አይደል፣ ይላል እሱ፣ አያይም እኮ፣ ከውጭ ሆኖ አያይም፣ በቃሉ ነው የሚያውቃት። ስምንት! እላለሁ። ስምንት፣ ይላል ሰውዬው ከሊብሬው።

እሱ ባይኖር፣ እሱ ዝም ቢል ይኼኔ መኪናዋ አልቆላት ነበር። ዝምታ ደግሞ አይከብደውም፣ ፋርማሲስት ነው፣ ቃሉም እንደ መድኃኒቱ በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ ነው፣ ዛሬ ጠዋት ከመጣ ጀምሮ ጋራዡ በር ላይ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል፣ ኪሱ ውስጥ መኪናዋን ፈታትቶ ሊሸጥ የሚፈልግ የመለዋወጫ ነጋዴ ስልክ ቁጥር አለ፣ አውቃለሁ። አባባ ሲሞት ይህችን መኪና፣ ቁንጫን፣ ለሁለታችን ነው የተወው፣ ቁንጫ ያላት ራሱ ነው፣ ትንሽ ናት፣ ትዘላለች፣ አትያዝም። ወንድሜ እንሽጣት አለ፣ እኔ በመቃብሬ ላይ አልኩ፣ ሁለት ዓመት ተኮራረፍን፣ በመጨረሻ አጎታችን ፊት ተፈራረምን፣ እስከዚህ ወር መጨረሻ ኢንሹራንስ ከተቀበላት፣ አለ፣ ድርሻዬን ትቼልሻለሁ፣ ካልተቀበላት ግን ተፈታትታ ትሸጣለች፣ ሞተሯ ለብቻ በሯ ለብቻ፣ ያንቺም አፍ ይዘጋል። ወሩ ነገ ያልቃል። ሰውዬው ፋይሉን አጥፎ የእስክሪብቶውን ክዳን ሲገጥም አየሁት፣ ጎማው ላይ ተቀመጥኩ፣ ሌላ ምንም አልታሰበኝም፣ በሯ ለብቻ የምትለዋ ብቻ።

ያኔ ነው ወንድሜ ከኋላ ሌላ አለ ያለው። ምን ሌላ። ሌላ ቁጥር። ከወንበሮቹ ጀርባ አግዳሚ ብረት አለ፣ ምንጣፉን ቅደጂው። ምንጣፉን አባባ ነው እኛ ካደግን በኋላ በማስቲሽ የለጠፈው፣ ከስሩ ዝገት ስለሌለ እኔም አልነካሁትም፣ ያልታመመ አይታከምም ብዬ። አንተ በምን አወቅክ፣ አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ። ተኝቼበታለሁ አለ።

አንድ። ሌላ አንድ። ሁለት አንዶች ጎን ለጎን፣ ይኸዋ፣ አንድ አንድ! አንድ አንድ፣ ልክ ነው እማማ። ነፍሴ መለስ እያለች ነው፣ በቁጥር በቁጥር።

ተኝቼበታለሁ። በየእሑዱ፣ ከአራት ዓመቱ እስከ አሥር ዓመቱ፣ አባባ መሪው ላይ፣ እኔ ታላቋ ከጎኑ፣ እሱ እዚህ። ጓዛችን ገብቷል? ይላል አባባ፣ ገብቷል! እላለሁ እኔ፣ ከዚያ በሩ ጓ፣ ሁለታችን እንስቃለን፣ እሱም የሚስቅ ይመስለኝ ነበር። ጓዙ ስንለው አደገ። ጉንጩን እዚህ ብረት ላይ አድርጎ ይተኛል፣ ሌላ የሚያስተኛ አቅጣጫ የለም፣ አሁን ሞክሬዋለሁ፣ የለም፣ ቤት ስንደርስ ቁጥሩ ጉንጩ ላይ ታትሞ መስታወት ፊት ይቆማል፣ ተገልብጦ የታተመ መስታወት ውስጥ ሲገለበጥ ይቃናል፣ ልክ ነው፣ ሒሳቡ ልክ ነው፣ እንዲያ እያነበበ ሸመደደው። ይህን አሁን ነው የነገረኝ፣ እየተጣጠፍኩ ስገባ፣ ጫማዬን ከውጭ እየገፋልኝ። አርባ ምናምን ዓመት ይዞት ኖሯል ለካ።

ስድስት። ስድስት! ልክ። አንዲት ቀረች።

አንዲቷ ግን ሦስትም ትመስላለች ስምንትም፣ ማስቲሽ ሞልቶባታል፣ አንቺ አታላይ፣ ሊብሬው ሦስት ነው የሚለው፣ ስምንት ከሆንሽ ሌላ መኪና ነሽ፣ ተሰርቀሽ መጥተሻል፣ አባባ ዋሽቷል፣ እኔ ሌባ ነኝ፣ ምን አይነት ጣጣ ነው፣ ምራቄን ጣቴ ላይ፣ በጥፍሬ፣ ትንሽ፣ ትንሽ፣ ማስቲሹ ተጠቅልሎ ይነሳል፣ ግራ ጎኗ ክፍት ነው። ክፍት ነው! ወረቀቱን፣ እርሳሱን። ሦስት።

ሦስት ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት ለቅሶ ነው የወጣው። ሦስት፣ ይላል ወንድሜ በኔ ፈንታ፣ ሦስት ብላለች፣ ይመዝገብልን። ሰውዬው ወረቀቱን በመስኮት ይቀበለኛል፣ ከሊብሬው ጋር ያስተያያል፣ ሁሉም ልክ ነው፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ የቀረን ፍሬኗን ማየት ነው፣ ከዚህ እስከ ግቢው በር ደርሳ ትመለስልኝ ይላል። እፎይ። እፎይ የሚባለው ቃል ከሆድ ነው የሚነሳው፣ እዚህ ውስጥ ደግሞ ለሆድ ቦታ የለም።

ውጪ እንጂ እትዬ፣ ይላል ወንድሜ። እግሬ ደንዝዟል እላለሁ። ልሳብሽ። ተወኝ፣ አንተ ንዳት። እኔ? ቁልፏ እዚያው ላይ ነው። እሷን ነድቼ አላውቅም እኮ። ታዲያ ይኸው እወቃት። በሩ ይከፈታል፣ ወንበሩ ይንቋቋል፣ ተቀመጠ፣ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ በዚች መኪና የፊት ወንበር ላይ ዛሬ ገና፣ ከጎኑ ያለው የኔ ወንበር ባዶ ነው። አንድ ቀን እንኳ ቦታ እንቀያየር አላልኩትም። አባባም አላለም፣ ግን አባባ ሞቷል፣ እኔ አለሁ።

ሞተሩ ይነሳል፣ ብረቱ ጉንጬ ላይ ይንዘረዘራል። ከዚያ ምን ይታይሻል፣ ይላል ሳይዞር። ማጅራትህ። ሌላስ? ሌላ ምንም። እ፣ ይላል። ከዚያ ፍሪሲዮኑን በወጉ ሳይረግጥ ማርሽ ይከታል፣ ካምቢዮው ይጮሃል፣ ክረምት ከበጋ ጥርስ በጥርስ የገጠምኩት ካምቢዮ፣ ሌላ ሰው ቢሆን እጁን እቆርጠው ነበር፣ ደግሞ ይጮሃል፣ ጥርሴን ነው የሚያመኝ፣ ይቅርታ እትዬ ይላል፣ ምንም አይደል እላለሁ፣ ምንም አይደል የኔ ጌታ፣ አልተበላሸም፣ ዝም ብለህ ንዳ።