ጠርሙስ ያለበት ስሚንቶ

የአይጥ ቀዳዳ ስደፍን ጠርሙስ ሰብሬ ከስሚንቶው ጋር አቦካለሁ። አይጥ እርጥብ ስሚንቶ ይቦረቡራል፤ ጠርሙስ ግን አይደፍርም። እኔ የደፈንኩት ተከፍቶ አያውቅም እያልኩ ሃያ ዓመት ጉራዬን ስነዛ ኖሬአለሁ።

ሀና ማርያም ያሉት ወይዘሮ ዙሌካ፣ ከሱቃቸው ጀርባ ያለውን የተቆረጠ የአፈር ግድግዳ በድንጋይ እንድገነባላቸው ጠሩኝ። አፈሩ ላይ ሦስት ክብ ቀዳዳዎች ነበሩ። ሴትየዋን ደግሞ አይጥ የሱቃቸውን ዱቄት እየበላ አማሯቸዋል። ምን ይጠየቃል? በጠዋት ውስጡን እንኳ ሳላይ ሦስቱንም ደፈንኩና ድንጋይ ልጠርብ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ ጅራቱ እንደ መቀስ የተከፈለ ጥቁር ወፍ መጣ። መሃል ካለው ቀዳዳ ላይ በጥፍሩ ተንጠለጠለ፣ ወደቀ፣ ዞሮ ተመለሰ። አፉ ውስጥ ዝንብ ይዟል። እኔ ጅሉ ሳቅኩበት።

ዩኒቨርሲቲ ስለ ወፍ የሚማረው የወይዘሮ ዙሌካ ተከራይ፣ ብሩኬ፣ ጥርሱን እየፋቀ ወጣ። ግድግዳውን ሲያይ መፋቂያው ከእጁ ወደቀ።

"ጋሽ አባይነህ፣ ምን አደረጉ?"

"አይጥ ነዋ።"

"ኧረ አይጥ አይደለም። መጋዝ ክንፍ ነው የምንላቸው፣ ጨረባ ከሚባለው ወፍ ወገን ናቸው። አምስት ዝርያ አላቸው፣ ሁሉም እዚሁ አፍሪካ። ይሄ ጥቁሩ ነው። አፈር ቆፍረው ነው የሚፈለፍሉት። ትናንት ጫጩት ሲመግቡ አይቻለሁ።"

መሮዬን አንስቼ ዳርና ዳር ያሉትን ሁለቱን ከፈትኩ፤ ባዶ ናቸው። ወፉ የተንጠለጠለበትን የመሃሉን ግን በመሮ መንካት ፈራሁና በጣቴ ፈለቀቅኩት። የራሴ ጠርሙስ እጄን ቆረጠኝ። ከስሚንቶው ጀርባ አንድ ለስላሳ ነገር ነካሁ፤ አወጣሁት፤ የሞተች ወፍ ናት። ደረቷ በጠርሙሱ ተቆራርጧል፤ አፏ ስሚንቶ ነው።

ብሩኬ የክንፏን ጠርዝ ዳሰሰ። "እናትየዋ ናት" አለ። "ክንፏ ለስላሳ ነው፤ እንደ መጋዝ የሚሻክረው የወንዱ ነው።"

ከውስጥ የጫጩት ድምፅ ተሰማ። አባትየው በጆሮዬ አጠገብ አልፎ ዝንቡን እንደያዘ ገባ። ደሜ በክንዴ እየወረደ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ወይዘሮ ዙሌካ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ከሱቅ ወጡ። በእጄ የሆነ ነገር መያዜን አይተው ፊታቸው በራ።

"ተመስገን፤ ያዝከው አይደል?"

መዳፌን ዘረጋሁላቸው።

"እናት ናት" አልኳቸው። "ልጆቿ ጋ ዘግቼባት፣ ልትወጣ ስትታገል ነው የሞተችው።"