ቀምሶ ማረጋገጥ

ካርቶኑን ልታነሳ ጎንበስ ብላ ኃይሏን አሰባስባ ብትጎትተው፣ እንደ ባዶ የጫማ ሳጥን ብድግ አለላትና ወደ ኋላ ተንገዳግዳ ከናሙና ክፍሉ መደርደሪያ ጋር ተላተመች። ክዳኑን ገለጥ አደረገች። አንድ ካርቶን ሙሉ የማር ጠርሙስ በነበረበት ቦታ የወረቀት መከፋፈያና አንዲት የሞተች ዝንብ ብቻ ቀርተዋል።

"ወይ ጉዴ!" አለች የወጪ ንግድ ማስፋፊያ ባለሙያዋ፣ ከዝንቧ በቀር ሰሚ በሌለበት።

ጉድስ ጉድ ነው። ከውጭ አገር የመጣችው የማር ገዢ ከሆቴሏ ተነስታ መንገድ ላይ ናት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትበራለች። ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር የንብ አናቢ ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር አዲሱ ጫማዋ እየጠበባት፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች። ሊቀመንበሯ የባለሙያዋ አክስት ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አብልታ፣ አልብሳ፣ አስተምራ ለዚህ ሥራ ያበቃቻት። ማኅበሩ እስከ ዛሬ ማሩን በባልዲ የሚሸጠው ለአንድ ጅምላ ነጋዴ ነው። ዋጋ የሚቆርጠው እሱ፣ ሚዛን የሚይዘው እሱ፣ "ዘንድሮ እኮ ማር ረከሰ" ብሎ የሚያዝነውም እሱ። ገዢዋ ናሙና ይዛ ከሄደች ሸሪኮቿ ቀምሰው ይወስናሉ፤ ባዶ እጇን ከሄደች ግን ሴቶቹ ተመልሰው የዚያ ነጋዴ ሲሳይ ናቸው። "አክስቴ፣ እናንተ ማሩን ብቻ ላኩ፣ ሌላውን ለእኔ ተዉት" ብላ ደረቷን የነፋችው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን እሷው ናት።

የንግድ መምሪያው አንድ መመሪያ አለው። ድሮ ለአንድ የውጭ ገዢ የቀረበለት ብስኩት ሻግቶ ተገኘና ሰውየው አፉን በመሐረብ ይዞ ከወጣ በኋላ፣ "የሚበላ ናሙና ሁሉ ለገዢ ከመቅረቡ በፊት የየክፍሉ ኃላፊዎች ቀምሰው ያረጋግጡ" ተባለ። ጥሩ ነው። ከዚያ የንጽህና ነገር ተነሳና "የተከፈተ ናሙና ወደ ካርቶኑ አይመለስም" ተባለ። ይሄም ጥሩ ነው። ሁለቱ ጥሩ ነገሮች ሲጋጠሙ ግን እያንዳንዱ ኃላፊ የራሱን ጠርሙስ ይከፍታል፤ ከከፈተ በኋላ መመለስ ክልክል ስለሆነ ይዞት ይሄዳል። አጥፊ የለም፣ ሁሉም ሥራውን ነው የሠራው። በዚህ ቤት ናሙናው ሳይጎድልበት የሚኖረው ጫማ የሚያስተዋውቀው ባልደረባዋ ብቻ ነው፤ እሱም ብልጥ ስለሆነ ከፋብሪካ የሚያስልከው የቀኝ እግር የቀኝ እግሩን ብቻ ነው።

እሷ ግን ማር ነው የያዘችው። ማርን እንዴት ተደርጎ ግማሹን ብቻ ያስልኩታል?

የመምሪያው ዳይሬክተር ቢሮ ስትገባ ሰውየው ክራቫቱን በመስታወት እያስተካከለ፣ የእንኳን ደህና መጡ ንግግሩን ያነበንባል።

"ማሩን ቀምሰዋል?" አለች፣ ሰላምታውን ዘላ።

"እንዴታ! በሚገባ ነዋ።"

"ታዲያ ውጤቱስ?"

"ገና ነኝ" አለ ኮስተር ብሎ። "ማር እኮ በአንድ ጊዜ አይፈረድበትም። ጠዋት ሌላ ነው፣ ማታ ሌላ ነው።"

"ጠርሙሱ የት አለ?"

"ቤት ነው ያለው። አሁን እየመረመሩት ያሉት የባለቤቴ እናት ናቸው።"

የፋይናንስ ኃላፊዋ ጋ ሮጠች። ሴትየዋ አንገቷን ይዛ፣ "ጉንፋኑ እኮ ሊገድለኝ ነበር፣ ያ ማር ባይደርስልኝ ኖሮ ዛሬ አታገኚኝም ነበር" አለቻት፤ ጠርሙሱ ታጥቦ ጠረጴዛዋ ላይ የእስክሪብቶ ማስቀመጫ ሆኗል። የስታቲስቲክስ ኃላፊው ለሳል ሰጥቶታል፤ የማን ሳል እንደሆነ ግን አጥርቶ አያስታውስም። የሰው ኃይል ኃላፊው "እኔ ስኳር አለብኝ፣ ማር አልነካም" ብሎ በኩራት ከመለሰ በኋላ፣ ለወንድሙ እንደሰጠው ጨመረላት። ባለሙያዋ ከበር ወደ በር በሄደች ቁጥር ንዴቷ እየጨመረ፣ ኮሪደሩ ላይ በአክስቷ ፊት ባለፈች ቁጥር ደግሞ ፈገግታዋ እየሰፋ ሄደ።

"ደህና ነው አይደል?" ትላታለች አክስቷ።

"ደህና ነው፣ አሁን ይጀመራል!"

የቀረው አንድ በር ነው። የውጭ ንግድ ቁጥጥር ክፍል ኃላፊው ቢሮ ከእሷ ቢሮ ፊት ለፊት ነው፤ የእሷ ሥራ ዕቃ ወደ ውጭ እንዲወጣ መወትወት፣ የእሱ ሥራ ደግሞ ወረቀቱ ያልተሟላ ዕቃ እንዳይወጣ መከልከል ነው። ሰውየው ባሏ ነው። ቤት ውስጥ ስለ ሥራ ላያወሩ ከተስማሙ ወዲህ ትዳራቸው ሰላም አግኝቷል። ሕግ አክባሪነቱ ለጉድ ነው፤ ጨው ሲገዛ እንኳ የተመረተበትን ቀን ያነባል። ቢያንስ እሱ በደንብ አስቀምጦታል ብላ ገባች።

"የአንተስ ማር የት ነው?"

"ቤት ነው" አለ ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይል።

"የቱ ቤት?"

"የእኛ ቤት ነዋ፣ ስንት ቤት አለኝ? ጠዋት ጠዋት ዳቦሽ ላይ የምትቀቢው ምን መሰለሽ?"

"ከሱቅ የገዛኸው መስሎኝ!"

"እኔ ገዛሁ አልኩ? 'እንዴት ያለ ማር ነው፣ አክስቴ ቤት የበላሁትን አስታወሰኝ' ስትዪ፣ የሥራ ወሬ እንዳይሆንብኝ ዝም አልኩ።"

"ታዲያ አሁን አለ?"

"ዛሬ ጠዋት ጠርሙሱን በዳቦ ጠርገሽ ያጸዳሽው አንቺ። እኔ ምን አውቄ?"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ በየበሩ ስታፈጥጥባቸው የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ፊቷ ላይ መጡባት። አፈረች። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የማሩ ጣዕም አሁንም አፏ ውስጥ ነበር፤ በዚህኛው የበለጠ አፈረች።

ለዳይሬክተሩ ማሩ ማለቁን ስትነግረው ችግር የለም አለ። ሹፌሩን ከሱፐርማርኬት አንድ ጠርሙስ ማር አምጣ ብሎ አስሮጠው። ሹፌሩ እያለከለከ አንድ የሚያምር ጠርሙስ ይዞ መጣ። ልጣፊውን ስታነበው ማሩ የተመረተው በገዢዋ አገር ነው።

"ልጣፊውን ላጪዋ!" አለ ዳይሬክተሩ።

"ከአገሯ ያስመጣነውን ማር መልሰን ለእሷ እንሽጥላት?"

"ይሄም እኮ የወጪ ንግድ ነው።"

"ኧረ በፈጠረዎት!" ብላ ጠርሙሱን ለሹፌሩ መለሰችለት። በዚሁ መሐል ገዢዋ ደረሰች።

ገዢዋ ደልደል ያለች፣ ቀልጠፍ ያለች ሴት ናት፤ ሻንጣዋን ሆቴል ትታ በአንድ ትንሽ ቦርሳ ነው የመጣችው። በስብሰባ ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ የመውጫ ፈቃድ የሚሰጠው የባለሙያዋ ባልም ጥጉን ያዘ። ዳይሬክተሩ ተነስቶ ስለ ዘርፉ ተወዳዳሪነት፣ ስለ እሴት ሰንሰለት፣ ስለ ስትራቴጂያዊ አጋርነት ብዙ ከተናገረ በኋላ ለትርጉም ወደ ባለሙያዋ ዞረ።

"እንኳን ደህና መጡ ይላሉ" ብላ ተረጎመች።

ገዢዋ አመስግና ማሩ የት እንዳለ ጠየቀች። ዳይሬክተሩ ፈጠን ብሎ፣ "ላቦራቶሪ ነው በያት፣ ጥብቅ ምርመራ ላይ ነው" አለ።

ባለሙያዋ አክስቷን አየቻት። አክስቷ ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር በዘዴ አውልቃ፣ እጆቿን አጣምራ፣ አንድም ቃል ሳይገባት በሙሉ እምነት ፈገግ ብላ ታያታለች። በዚህ ፊት ፊት መዋሸት አቃታት። ወደ ገዢዋ ዞረችና በዚያ በባዕድ ቋንቋ እንቅጩን ነገረቻት፤ ማሩ አልቋል፣ የመምሪያው ኃላፊዎች በልተው ጨርሰውታል።

ገዢዋ መጀመሪያ የሰማችው ልክ አልመሰላትም። ደግማ ጠየቀች። ከዚያ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

"ምን አለች?" አለች አክስቷ።

"ናሙናውን ኃላፊዎቹ በልተው ጨረሱት ብያት ነው፣ አክስቴ።"

"ካርቶኑን በሙሉ?"

"በሙሉ።"

አክስቷ ዳይሬክተሩን ከጫማው እስከ ፀጉሩ አየችው። "ይሄ ሁሉ የተማረ ሰው ቁርስ ሳይበላ ነው እንዴ ሥራ የሚገባው?"

ገዢዋ በየአገሩ ስትዞር ያየችው ናሙና አቧራ ለብሶ የተደረደረ ብቻ መሆኑን፣ ሠራተኛው የተናጠቀው ናሙና ሲያጋጥማት ግን የመጀመሪያዋ እንደሆነ ተናገረች። አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ብቻ፣ ግን የታሸገ፣ ይዛ መሄድ እንደምትፈልግ ጨመረች። ይሄ ሲተረጎምላት አክስቷ ቦርሳዋን ከፈተች፤ በፎጣ የተጠቀለለ አንድ ጠርሙስ አወጣች። የማኅበሩ ልጣፊ አለው፣ ማሸጊያው አልተነካም።

"ለልጆችሽ ብዬ ነበር ያመጣሁት" አለች ለባለሙያዋ፣ "እነሱ ለሌላ ጊዜ ይደርሳቸዋል" ብላ ጠርሙሱን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠችው።

ዳይሬክተሩ እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰደደና የሻይ ማንኪያ አወጣ።

"መመሪያው ያው..." አለ፣ ጉሮሮውን እየጠራረገ።

በሩ ላይ የፋይናንስ ኃላፊዋና የስታቲስቲክስ ኃላፊው ብቅ ብለዋል፤ ማን እንደነገራቸው አይታወቅም። እነሱም ባዶ እጃቸውን አልመጡም።

"ማንም እንዳይነካው!" አለ ከጥግ የባሏ ድምፅ። ባለሙያዋ አንጀቷ ራሰ። ግን ያለ ጊዜው ነበር ደስ ያላት። "የተከፈተ ጠርሙስ ከአገር አይወጣም" ብሎ ቀጠለ፣ "ያልተቀመሰ ናሙና ደግሞ የመውጫ ፈቃድ አይሰጠውም።"

"ሳይከፈት እንዴት ይቀመሳል?" አለች።

"አይቀመስም።"

"እስከ ዛሬ ታዲያ የሚበላ ናሙና እንዴት ነው ሲወጣ የነበረው?"

ባሏ አሰብ አደረገ። "ወጥቶ አያውቅም" አለ።

ይህችን አልተረጎመችም። ገዢዋ ሰዓቷን አየች፤ አክስቷ ገዢዋ ሰዓቷን ስታይ አየች፤ ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ባለሙያዋ ያንን ስታይ ተነስታ ባሏ ጆሮ ሥር ጎንበስ አለች።

"ስማኝ፣ ዛሬ ይሄ ጠርሙስ ካልወጣ እኔና አንተ ቤት ገብተን ስለ ሥራ እናወራለን። እስኪነጋ።"

ሰውየው ደነገጠ። ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ ወደ አክስቷ ዞረ። "ይሄኛው ከካርቶኑ ጋር በአንድ ቀን ነው የታሸገው?"

"በአንድ ቀን፣ ከአንድ በርሜል። እኔው ነኝ የሞላሁት።"

"እንግዲያው ቀምሼዋለሁ" አለ፣ ፊቱ ላይ ትልቅ እፎይታ እየታየበት። "ማሩ አንድ ነው። ሕጉ ማሩን ነው ቅመስ የሚለው፣ ጠርሙሱን አይልም።" የመውጫ ፈቃዱ ላይ ፈረመና ማኅተሙን በቀስታ አስቀመጠበት።

የዳይሬክተሩ ፊርማ ቀረ። "እኔ ግን ምርመራዬን ገና..." ብሎ ሲጀምር ባለሙያዋ ወረቀቱን ከፊቱ ዘረጋችለት።

"ወይ ቀምሰዋል፣ ይፈርማሉ፤ ወይ ገና ነኝ ይላሉ፣ ሹፌሩን ልከን ጠርሙሱን ከባለቤትዎ እናት እናስመልሳለን።"

ዳይሬክተሩ አማቱን በዓይነ ሕሊናው አያቸው መሰለኝ፣ ማንኪያውን ወደ ኪሱ መልሶ ፈረመ።

ገዢዋ ሻንጣዋን ልታመጣ ወደ ሆቴሏ ሄደች። ናሙና ከነፈቃዱ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሸኘው በመምሪያው ሰው ስለሆነ ባለሙያዋ ጠርሙሱን ታቅፋ መኪናው ኋላ ወንበር ላይ ገባች፤ አክስቷም ጫማዋን በእጇ ይዛ ከጎኗ ተቀመጠች። ሹፌሩ በመስታወቱ ጠርሙሱን አንድ ሁለቴ አየት ሲያደርግ ባለሙያዋ "መንገዱን እይ!" ብላ ጮኸችበት።

አክስቷ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ እጇን ባለሙያዋ ጉልበት ላይ አሳረፈች።

"ደግሞ እኮ ያ ሁሉ ሰው ሲበላ አንቺ አልነካሽም" አለች። "እኔ አላውቅሽም እንዴ? ያሳደግኩሽ ነኝ። ልጄ ባትኖር ኖሮ እነዚህ ሰዎች ካርቶኑንም አያስቀሩልን ነበር እያልኩ ለሴቶቹ እነግራቸዋለሁ።"

ባለሙያዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ባሏ ስለ ሥራ አያወራም። መኪናው መብራት ይዞት ቆመ። መብራቱ እስኪለቅ ድረስ ከራሷ ጋር ተሟገተች። "ሳላውቅ ነው" ልትል አሰበችና ይሄኛው የዳይሬክተሩን ሰበብ መሰለባት፤ ተወችው።

"አክስቴ፣ ያዢው" ብላ ጠርሙሱን ዘረጋችላት።

"ምነው፣ ከበደሽ?"

"አይ። እኔም በልቻለሁ። ዛሬ ጠዋት አንዱን ጠርሙስ በዳቦ ጠርጌ የጨረስኩት እኔ ነኝ።"

አክስቷ ጠርሙሱን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ዚፑን እስከ ጫፉ ዘጋች፤ ቦርሳውንም ከባለሙያዋ ወዲያ፣ በበሩ በኩል አድርጋ አቀፈችው።