የሶፋው ፕላስቲክ የተነሣ ዕለት

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ ባለፈው እሑድ፣ ከጸሎት መልስ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ በሚገኘው በአቶ ጉዲሳ ቤት፣ የሶፋው ፕላስቲክ ተነሣ።

ነገሩ ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ፓስተሩ እንኳ ሲመጡ የተቀመጡት ፕላስቲኩ ላይ ነው፤ ሲጸልዩ ከሥራቸው እየተንጫጫ "አሜን" የሚል ይመስል ነበር። ስለዚህ ባለቤቱ ወይዘሮ ዋጋነሽ መቀስ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ፣ ልጇ ዮዲ፣ የመጣው ጉዳይ ከባድ መሆኑ ገባት። ጉዳዩ ራሷ ነበረች።

ዮዲ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፋለች። ማለፏ ችግር አልነበረውም። ችግሩ የተጀመረው በዚያው ሰሞን እድሩ ሲሰበሰብ ነው። ጎረቤታቸው እትዬ ዓለም መርካቶ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ሄቨን የምትባል ልጇን ደግሞ ጦር ኃይሎች ካለው ሳፋየር ሂልስ ኮሌጅ አስገብታለች። ይህን ሁለተኛውን ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች። በዚያ ቀንም ስለ ጠፉት የእድሩ ወንበሮች እየተወራ ብድግ ብላ፣ "የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እኮ አሁን አማራጭ ያጣ ሰው ነው የሚገባበት" አለች። በልጁ ውጤት ደረቱን የነፋው ጉዲሳ ሳያስበው ተነሣና "የኔዋም ሳፋየር ናት የምትገባው!" አለ። ተጨበጨበለት።

እድር ላይ የተነገረ ቃል እንደ እድሩ ድንኳን ነው። ለመትከል ጥቂት ሰው ይበቃል፤ ለመንቀል ግን ሰፈሩ ሁሉ መጠራት አለበት።

ከዚያ ምደባው ወጣ። ዮዲ አንደኛ ምርጫዬ ብላ የሞላችው፣ ከአዲስ አበባ የግማሽ ቀን መንገድ የሚርቀው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። መግቢያው ማክሰኞ ነው። ሶፋው የተገለጠውም ለዚሁ ነው፤ ሳፋየር ወይስ ምደባው፣ ዛሬ ይቆረጣል።

ዮዲ የምትፈልገውን ጠንቅቃ ታውቃለች። እዚህ ሰፈር የጉዲሳ ልጅ ናት፣ የዋጋነሽ ልጅ ናት፣ ብሎም ከሄቨን ጋር የምትነጻጸረው ልጅ ናት። እዚያ ግን ማንም አያውቃትም፤ ስሟን ራሷ ነው የምትናገረው። ይህን አስባ ሌሊት ትስቃለች። ሲጠይቋት ግን አንገቷን ሰበር አድርጋ "እናንተ እንዳላችሁ" ትላለች። ሻንጣዋን ደግሞ ካዘጋጀች ሰንብታለች። ለመጥፋት አልነበረም፤ ፈቃዱ በመጨረሻዋ ሰዓት ቢገኝ "አሁን ደግሞ መቼ ልትሰናጂ ነው?" የሚል እንዳይመጣ ነው። የደበቀችው ከግቢው ጥግ ባለው ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ነው። ውሃ ከጠፋ ስለከረመ፣ ባዶ በርሜል ማን ይከፍታል ብላ ነበር።

ለምክሩ የተጠራችው እትዬ ዓለም በሰዓቷ መጣች፤ ብቻዋን ግን አልነበረችም።

"ምስክር ይዤ ነው የመጣሁት" አለች ገና ከበሩ። "ዶክተር መኳንንት ይባላሉ። የሳፋየር መምህር ናቸው። ሄቨንዬን ራሳቸው ናቸው የሚያስተምሯት።"

"ዶክተር እንኳ አይደለሁም" አለ ቀጭኑ ሰውዬ፣ የኮቱን እጅጌ ወደ ታች እየጎተተ። "ገና እየተማርኩ…"

"ትሕትናቸው!" አለች ዓለም፣ ሶፋው ላይ እየተደላደለች። ከዚያ ቆም ብላ መቀመጫዋን ዳበሰች። "ዋጌ! ፕላስቲኩ የት ገባ?"

"አረጀ" አለች ዋጋነሽ።

ጉዲሳ ጉባኤውን በጸሎት ከፈተ። ጸሎቱ መሀል ላይ "ጌታ ሆይ፣ ጥራት ወዳለበት ምራን" የሚል ስለነበረበት ዋጋነሽ አሜን ሳትል ቀረች።

"እንግዲህ እኔ የምለው" አለ ጉዲሳ፣ እድር ላይ የሚናገርበትን ድምፅ አውጥቶ፣ "ስም ነው ዋናው። ስም ያለው ኮሌጅ ስም ያለው ሥራ ያመጣል።"

"ስምማ አለው" አለች ዋጋነሽ። "ምድር ቤቱ ሶፋ መሸጫ ነው፣ አንደኛ ፎቅ ጂም ነው፣ ከጂሙ በላይ ነው ኮሌጁ። ብረት ሲወድቅ ወለሉ የተደረመሰ እየመሰላቸው ነው አሉ የሚማሩት።"

"ሊፍት አለው!" አለች ዓለም።

"ይሠራል?"

"አለው አልኩሽ።"

መኳንንት ወደ ጫማው ተመለከተ።

"እዚያ የምትልኪበትስ?" ዓለም ተራዋን አጠቃች። "አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀው፣ አልጋው ላይ አልጋ፣ ጠዋት ማታ ሽሮ! ልጅቷ ከስታ፣ አጥንቷ ወጥቶ ነው የምትመለስልሽ።"

"በሽሮ የሚከሳ የለም። ይኸው ጉዲሳ አለልሽ፤ ከስቷል?"

ጉዲሳ ሆዱን ሰበሰበ። ዮዲ የውሃ ብርጭቆ ያቀረበችበትን ትሪ እንደ ጋሻ ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቋን ዋጠች።

"እንዲያውም ጋሼ ጉዲሳ ምስክር ናቸው" አለች ዓለም። የጉዲሳ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ነው። "ቀኑን ሙሉ ያዩታል። የልጆቹን ሁኔታ እስቲ ይንገሯት።"

"አያለሁ" አለ ጉዲሳ። የሚያየው ሄቨን በትምህርት ሰዓት ከጭማቂ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስትስቅ ነው። ይህን ለዮዲ እናት አንድ ቀን በሹክሹክታ ሲነግራት ዮዲ ከግድግዳው ወዲህ ሆና ሰምታለች። ጎረቤት ግን ጎረቤት ነው። "ልጆቹ… ደስተኞች ናቸው" ብሎ ዘጋው።

"አየሽ!"

ዋጋነሽ ወደ እንግዳው ዞረች። "መምህር፣ እርስዎስ ለዮዲ የደረሳትን ዩኒቨርሲቲ ያውቁታል?"

"አዎ፣ በደንብ" አለ መኳንንት። የሆነ ሰው አንድ ነገር ስለጠየቀው ደስ ያለው መሰለ። "ከሰኞ እስከ ሐሙስ እዚያ ነው የማስተምረው። ሐሙስ ማታ እመጣና ዓርብና ቅዳሜ ደግሞ ሳፋየር።"

ሶፋው ላይ ፕላስቲኩ ቢኖር ኖሮ እንኳ ያን ጊዜ አይንጫጫም ነበር።

"እና…" አለ ጉዲሳ ቀስ ብሎ፣ "የሚሰጡት ትምህርት ይለያያል?"

"የማከፋፍለው ሃንድአውት ያው ነው። ቀልዶቼም ያው ናቸው። ሰኞ እዚያ ሞክሬያቸው ያሳቁትን ዓርብ እዚህ አመጣቸዋለሁ።"

"ግን ዶክተር" አለች ዓለም፣ ድምፅዋ ትንሽ ቀጥኖ፣ "እዚህ የበለጠ ይጠነቀቃሉ አይደል? በዚያ ሁሉ ክፍያ?"

መኳንንት እውነቱን ለመናገር አሰበ፤ ከፊቱ ይታይ ነበር። "እዚህ ፕሮጀክተር አለ" አለ።

"ይኸው!"

"መብራት ካለ።"

ጉዲሳ ጉሮሮውን ጠረገ። ዮዲ አባቷን ታውቀዋለች፤ ደስ ሲለውም ሲከፋውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። "ይሄ እንግዲህ ከባድ ነገር ነው" አለ። "እኔ ቃሌን በእድር ፊት ሰጥቻለሁ። ግን ምስክሩም ምስክር ነው፤ ያመጣችውም ራሷ ዓለም ናት። በሉ እስቲ ልጅቷ ትናገር። ዮዲ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?"

ሁሉም ዞረው አዩዋት። አሁን ብትናገር ይሆን ነበር። አፏ ውስጥ ያለው "እዚያ ነው የምሄደው" የሚለው ነበር። የወጣው ግን ያው የለመደው ሆነ።

"እናንተ እንዳላችሁ።"

በዚህ ጊዜ ግቢ ውስጥ ያለው ቧንቧ አስነጠሰ። ቀጥሎ ሳለ። ከዚያ ተፋ።

"ውሃ!" ብላ ዋጋነሽ ተነሣች።

ከዚያ በኋላ ጉባኤም፣ ሳፋየርም የለም። ጉዲሳ ጀሪካን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ወጣ። እትዬ ዓለም ባለ ተረከዝ ጫማዋን ደጃፉ ላይ ጥላ፣ ከአጥሩ በላይ "ሄቨን! ባልዲ! ሁሉንም ባልዲ!" ብላ ጮኸች። መኳንንት ኮቱን አውልቆ ውሃ ከሚቀባበሉት መሀል ገባ። ባልዲ ሲያቀብል ከማንም ይፈጥን ነበር።

"በርሜሉስ?" አለች ዓለም። "ያ ሰማያዊው! ምን ያደርጋል ባዶውን ቆሞ?"

"እሱን እኔ አጥበዋለሁ!" አለች ዮዲ፣ እየሮጠች።

"ተይው፣ ቆሻሻ ነው!" አለ ጉዲሳ በተመሳሳይ ቅጽበት።

"መጀመሪያ ጀሪካኑ!" አለች ዋጋነሽ፣ ከሁለቱም ድምፅ በላይ።

ዮዲ ቆመች። የሷ መደንገጥ ይገባታል፤ የእናትና አባቷ ግን አልገባትም። ሦስቱ ባንድ ላይ አንድ ባዶ በርሜል ሲከላከሉ ያየችው ዓለም፣ ጎረቤት ናትና፣ ክዳኑን አነሣች።

ሻንጣው ወጣ። ዮዲ ስትዘጋው እንዲህ ሆዱ አልተነፋም ነበር። ዓለም ብድግ ስታደርገው ዚፑ አልቻለም፤ ዕቃው ግቢው ላይ ተዘረገፈ። ብርድ ልብሱ የዮዲ ነው። ነጠላ ጫማው የዮዲ ነው። በፌስታል የታሰረውን በሶ ግን እሷ አልያዘችም። ቋጠሮው ድርብ ነው፤ በቤቱ እንደዚያ የሚቋጥረው አንድ ሰው ብቻ ነው። አጠገቡ በብልቃጥ የተሞላ ሚጥሚጣ ነበር። ከብርድ ልብሱ እጥፋት ውስጥ ደግሞ አዲስ ጓጉንቸር ወድቆ ድንጋዩ ላይ ጮኸ፤ የዶርም ቁም ሣጥን የሚቆለፍበት ዓይነት ነው። ጀርባው ላይ የአባቷ ሱቅ ስም ተለጥፎበታል።

"በሶ" አለች ዓለም።

ዋጋነሽ ወደ ባልዲው ተመለከተች።

"ጓጉንቸር" አለች ዓለም።

ጉዲሳ ወደ ቧንቧው ተመለከተ። ከቀበቶው ላይ በተንጠለጠሉት የሱቁ ቁልፎች መሀል አንዲት ትንሽ አዲስ ቁልፍ ታበራ ነበር። ዮዲ አየቻት። አባቷ ማየቷን ሲያይ ቁልፎቹን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ።

"ማክሰኞ ነው እንግዲህ የምትመጪው?" አለ መኳንንት፣ እንደ ቀላል ነገር።

"አዎ" አለች ዮዲ። ቃሉ ሲወጣ ራሷ ገረማት።

አጥሩ ላይ ሄቨን ባልዲ ታቅፋ ቆማ የተዘረገፈውን ዕቃ፣ ብርድ ልብሱን፣ በሶውን፣ አንድ በአንድ ታይ ነበር። እናቷ አየቻት። ጓጉንቸሩን ከመሬት አንሥታ በጨርቅ ሻጭ ጣት አገላበጠችው። ከዚያ ወደ ቀጭኑ ሰውዬ ጠጋ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። "ዶክተር" ማለቱን ግን ረስታዋለች።

"መምህር፣ ከሳፋየር ወደዚያ መዛወር ይቻላል እንዴ?"

ሁሉም ሰማ። ባልዲው ሞልቶ ይፈስ ነበር፤ የቀየረው ሰው አልነበረም።