ሳይሠራ የቀረው የቀኙ ጎማ

እሱባለው በዓል በማክበር ማንም እንዲቀድመው አይወድም። ባለፈው የጥቅምት ሚካኤል ዕለት፣ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ የሚያርሰው እንየው የደረሰ ገብሱን ሲያጭድ ታየ። በሳምንቱ በረዶ ወረደና የአካባቢውን ስንዴ ከመሬት ደባለቀው። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሰው መካከል ቆሞ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ «በዓል ሽረህ በረዶ አመጣህብን» ያለው እሱባለው ነበር። እንየው በሕዝብ ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። ሰንበቴው ግን ከዚያ ወዲህ አልጠራውም።

እንግዲህ ይኸው እሱባለው ነው በኅዳር ሚካኤል «ሆዴን አሞኛል» ብሎ ከቤቱ የዋለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት ድጓ የሚያስተምሩት የኔታ ቀለመ ወርቅ፣ ዓይናቸውን ሊታከሙ ንፋስ መውጫ ሰንብተው፣ በሚካኤል ማግስት ወደ ጉባኤያቸው መመለስ ነበረባቸው። ሰዎች «ባለሚኒባሱ ተሻገር ያድርሳቸው» ቢሉ፣ እሱባለው «እኔ እያለሁ?» ብሎ ተቆጣ። አሮጌ ፒክአፕ አለችው፤ እሷን የሚያህል መኪና ያለ አይመስለውም። በበዓሉ ዋዜማ ታዲያ የፊት ጎማዎቹ መንኳኳት ጀመሩ። በክሪክ አንሥቶ ጎማውን በእጁ ቢነቀንቀው ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ቦል ጆይንቱ አልቋል። ቦል ጆይንት ማለት ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያይዝ፣ እንደ ሰው ጉልበት የሚታጠፍ መገጣጠሚያ ነው። የግራውም የቀኙም ሄዷል። አዲሶቹን ገዝቶ ሲመለስ ጋራዡ ለበዓሉ ተዘግቶ አገኘው። «መኪናዬ ተበላሽታለች» ማለት ይችል ነበር፤ ተሻገር ደስ እንዳይለው ብሎ ተወው።

ስለዚህ የበዓሉ ዕለት ሚስቱን ሰብለን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሸኝቶ፣ በግቢው ብርድ ልብስ ጋርዶ ሥራውን ጀመረ። ያረጀው ቦል ጆይንት በዝገት ከጉድጓዱ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር በመዶሻ ካልተመታ አይወጣም። መዶሻ ደግሞ በሚካኤል ቀን ይሰማል። አሮጌ ነጠላ ጠቅልሎበት አንድ ጊዜ ይመታል፣ ጆሮውን ያቆማል፣ ደግሞ ይመታል። እንዲህ እየተሳቀቀ ግራው ረፋዱን ሙሉ ፈጀበት። ቀኙን ፈትቶ አንዴ እንደመታው ከአጥሩ ማዶ ያሉት አሮጊት፣ እማማ ላቀች፣ ተጣሩ።

«እሱባለው፣ ምንድን ነው የሚንኳኳው?»

«በሩ ነው፣ እማማ። ነፋስ እየመታው ነው።»

ወዲያው እልልታና ከበሮ ተሰማ፤ ታቦቱ ገብቶ ሰው ወደየቤቱ እየተመለሰ ነው። እሱባለው መዶሻውን ጣለና ያንኑ አሮጌ ቦል ጆይንት እንዳለ ትቶ ጎማውን መልሶ አሰረ። ብርድ ልብሱን አጥፎ እጁን ሲታጠብ ሰብለ ደረሰች።

«አለቀ?» አለችው።

«አለቀ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም አልሁሽ እኮ» አላት ድምፁን ከፍ አድርጎ። ያን ጊዜም ቢሆን አፍሯል። ግን ያፈረው በበዓል በመሥራቱ ነበር፤ የቀኙን ጎማ እንኳ አላሰበውም።

በማግስቱ የኔታ መኪናዋን ባርከው ጋቢና ገቡ። ከከተማው እንደወጡ ከቀኝ በኩል ኳ፣ ኳ ማለት ጀመረ።

«ልጄ፣ ይህ የሚንኳኳው ምንድን ነው?»

«መንገዱ ነው፣ የኔታ።»

ቀስ እያለ ነዳ፤ በውስጡም «ሚካኤል ሆይ፣ ብቻ አድርሰን» ይላል። ቁልቁለቱ ሲጀምር የቀኙ ጎማ ወደ ውጭ ታጠፈና መኪናዋ በአፍንጫዋ ቦይ ውስጥ ገባች። የኔታ ልደገፍ ብለው የዘረጉት ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ተሰበረ።

ፈጥኖ የደረሰው፣ ከመንገዱ በታች ከበረዶው የተረፈች ስንዴ ያጭድ የነበረው እንየው ነው። ማጭዱን ጥሎ ሮጠ፤ የኔታን አቅፎ አወጣቸው፤ እንጨት ቆርጦ እጃቸውን በኩታው አሰረላቸው። «አይዞዎት፣ የኔታ፣ አይዞዎት» ይላል። ብዙም ሳይቆይ ሰው ተሰበሰበ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ጎማውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ትናንት ታላቅ በዓል ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በከንቱ አይመጣም። እጁን ለሥራ ያነሣ ሰው አለ።»

ማንም ስም አልጠራም። ዓይን ሁሉ ግን ወደ እንየው ዞረ።

«ትናንትስ ከታቦቱ ኋላ ነበርሁ» አለ እንየው፣ የኔታን እንደደገፈ።

«ማን አይቶሃል?» አለ አንዱ።

እንየው አንገቱን ደፋ። እሱባለው ይህን ሲያይ ለአፍታ ደስ አለው። ክፉ ደስታ ነው፤ እንደመጣም አወቀው፤ ፊቱ እስኪቃጠል ድረስ አፈረበት።

«እንየው አይደለም» አለ። «እኔ ነኝ። ትናንት መኪናዬን ስሠራ ነው የዋልሁት።»

ሰዉ አጉረመረመ። ሽማግሌው ግን ብዙም ሳይቆጡ፣ «በል ንስሐ ግባ። ሚካኤል መሐሪ ነው» አሉት። እሱባለው በረጅሙ ተነፈሰ። ይህን ያህል ቀላል ከሆነማ ምን አስፈራኝ አለ በልቡ።

የኔታ ግን ጥያቄ ነበራቸው።

«የተሰበረው የሠራኸው ነው?»

«አይደለም፣ የኔታ። የሠራሁት ግራውን ነው።»

«ቀኙስ?»

«ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ድምፁ እንዳይሰማ ብዬ ተውሁት።»

«ምንድን ነው የሚንኳኳው ብዬ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

እሱባለው መሬት መሬት አየ። «አውቅ ነበር።»

የኔታ አልረገሙትም፤ አልመከሩትምም። ቢረግሙት በወደደ። ሊነሡ ሲሉ ሮጦ ጎንበስ አለና ትከሻውን ሰጣቸው።

«ተወው፣ ልጄ» አሉት በለሰለሰ ድምፅ፣ ደህናውን እጃቸውን ወደ እንየው እየዘረጉ። «እንየው፣ አንተ ደግፈኝ።»

እንየው ክንዳቸውን ይዞ ወደ ከተማው አቅጣጫ ዳገቱን ጀመረ። እሱባለው ጥቂት ተከተላቸው። ይቅርታ ሊጠይቅ ነበር፤ ግን ማንን እንደሚያስቀድም ጨነቀው፣ የኔታን ወይስ እንየውን። አፉን ከፍቶ ቆሞ ሳለ ሁለቱም ርቀውት ሄዱ።