በዝናብ ቫርኒሽ አይነፋም

እኔ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሻይ እንኳን የምጠጣው ቆሜ ነው። ባሌ አውቶቡስ ነጂ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ «አንቺ ስትሞቺ ቆመሽ ነው የምትቀበሪው» እያለ ያሾፍብኛል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ፍጹም ተቃራኒዬ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መሬት ሲቀይስ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ዳቦ እንኳን ሲቆርስ ለክቶ ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ ቅብጥብጥ ይለኛል። እንግዲህ አብረን ጦር እንሥራ ብለን የተነሳነው እኛ ሁለታችን ነን።

ጦር ስላችሁ እንዳትደነግጡ። አንዱ ወታደር ከአውራ ጣቴ አይረዝምም፤ ጠረጴዛ ላይ አሰልፈን እንደ ዳማ ልንጋጠምበት ነው። የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት ግድም አውሮፓ ውስጥ አንድ ንጉሥ ልጅ ሳይወልድ ይሞትና፣ ዙፋኑን ማን ይውረስ በሚል ነገሥታቱ ዘመድ ከዘመድ ይፋጃሉ። እኔን ብትጠይቁኝ በሽማግሌ የሚያልቅ የውርስ ክርክር ነበር። ጋሼ ግን ያን ዘመን ከነፍሱ ይወደዋል፤ ባለሦስት ማዕዘኑን ባርኔጣ፣ እስከ ጉልበት የሚወርደውን ካፖርት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰልፉን።

«እስቲ አስቢው፣ ጥይት እየዘነበበት መስመሩን ሳያዛንፍ የሚራመድ ሰው!» ይለኛል።

«ጅል ነዋ!» እለዋለሁ።

ወታደሮቹን የማወጣው እኔ ነኝ። እንጀራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው፤ ሰም መቅረጽ፣ ማቅለጥና ማፍሰስ እጄ ለምዶታል። ከሥራ ስመለስ ያው እጅ ቆርቆሮና እርሳስ አቅልጦ በጎማ ፎርማ ውስጥ እግረኛውን፣ ፈረሰኛውን፣ ከበሮ መቺውን ያወጣል። ቀለሙ የጋሼ ነበር። በዚያ ዘመን የወዳጅም የጠላትም ካፖርት ይመሳሰል ስለነበር፣ ወታደሩ የየትኛው ክፍለ ጦር እንደሆነ የሚታወቀው ከእጅጌው ጫፍ ተገልብጦ በሚታጠፈው ግልባጭ ቀለም ነው። ይቺ ግልባጭ ደግሞ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች። ጋሼ ትንፋሹን ውጦ በቀጭን ብሩሽ ሲቀባት አጠገቡ ማስነጠስ ክልክል ነው። እኔ አንድ ጊዜ ላግዝህ ብዬ ቀብቼ፣ «የዚህ ሰውዬ ሦስተኛ ቁልፍ የታለ?» እያለ ሳምንት ሙሉ ሲነዘንዘኝ ከረመ። ማመስገን አያውቅበትም። በጣም ሲያምርለት «ምንም አይል» ይላል፤ ከሱ አፍ ይቺ ሽልማት ናት።

አንድ ሕግ አለው። ሁለቱም ወገን ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ አንድም ወታደር ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። «ግማሽ ጦር ከማየት ጭራሽ አለማየት» ይላል። አንዱ ክፍለ ጦር ሲያልቅ ሌላው ይጨመራል፣ እሱ ሲያልቅ መድፈኞች ጎደሉ ይባላል። ሳጥኑ በሳጥን ላይ እየተደረበ ሄደ እንጂ አንድም ቀን ገጥመን አናውቅም። «ጋሼ፣ ባለን እንጋጠም!» ስለው «ሲያልቅ» ይለኛል። ባሌ ጦሩ ሳይዋጋ ጡረታ ሊወጣ ነው ብሎ ይስቅብናል።

ከዚያ የዓይኑ ነገር መጣ። አንድ ቀን ከሰጠኝ እግረኞች መሀል ቁልፍ ያልተቀባለት አየሁ። የሱ እጅ ቁልፍ ረሳ! መናገሩን ፈራሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሻይ ስቀዳለት ከብርጭቆው ጎን እጁን ሰደደ። በግድ ጎትቼ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ለካ ደብቆን ኖሯል።

«አንቺን ፊት ለፊት ሳይሽ ጆሮሽ ይታየኛል፣ ፊትሽ ግን ጉም ነው» አለ፣ ሐኪሟ ስትጠይቀው እኔን እያሳያት። የሚያየው ነገር ሁሉ መሀሉ ይደበዝዝበታል፤ ዳር ዳሩ ደህና ነው። ሐኪሟ አልዋሸችንም። መሀሉ ጨርሶ መሄዱ አይቀርም፤ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም፣ ወራትም ሳምንታትም ሊሆን ይችላል አለችን። እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ስመላለስ ቆየሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሼ፣ «ምን ያህል ፈረሰኛ ቀረን?» አለኝ።

«ጥቂት።»

«ቀለሙንም አንቺው ጨርሽልኝ። ዓይኔ ሳይሄድ ሙሉውን አንዴ ልየው። ሌላ የምለምንሽ ነገር የለኝም።»

ጋሼ ለምኖኝ አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍም ሥራም እምቢ አለኝ። ሥራ ቦታ የአንዱን ሽማግሌ መንጋጋ ለሌላው ልልክ ስል ባልደረባዬ ባትይዘኝ ኖሮ ሁለቱም ባዶ አፋቸውን ይሰነብቱ ነበር። ከሥራ ወጥቼ ሩጫ፣ ቤት ገብቼ ሩጫ። ፈረሱን እቀባለሁ፣ ሳይደርቅ እነካዋለሁ፣ ጣቴ ይታተምበታል፣ እንደገና እቀባለሁ። ጋሼ ደግሞ ስልክ ይደውላል። «ዝናቡ እንዴት ነው እናንተ ጋ?» ብሎ ይጀምርና ስለ ዝናቡ ብቻ አውርቶ ይዘጋል። ደረሰ ወይ ብሎ መጠየቅ ከብዶት ነው። አንጀቴን በላኝና «በቃ እሁድ ና!» አልኩት።

ቅዳሜ ፈረሰኞቹ አለቁ። የቀረው ቫርኒሽ ነበር፤ ቀለሙ እንዳይላጥ ከጣሳ እየተነፋ የሚለብሰው። ይሄን ሁልጊዜ የሚሠራው ጋሼ ነው፣ እሱም ጥሩ ፀሐይ ጠብቆ። ሳጥኖቹን ስከፍት የቀድሞዎቹ አንዳንዱ ያብለጨልጫል፣ አንዳንዱ ፈዟል። ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ ብዬ ሁለቱንም ጦር በረንዳ ላይ ደረደርኩ። ውጭ ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ እንደነበረው ይወርዳል።

ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ጣሳውን አነበበ። «እርጥበት ባለበት አትንፉ ይላል እኮ።»

«አንተ አውቶቡስህን ንዳ።»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች…»

«ሂድ ወዲያ!»

ነፋሁት። ሲነፋ ደህና ነበር። ዞር ብዬ እጄን ታጥቤ ስመለስ ግን ጦሩ ሁሉ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል። ቀዩ አመድ፣ ሰማያዊው አመድ፣ ያ ሁሉ ግልባጭ አመድ! እርጥበቱ ቫርኒሹ ውስጥ ታስሮ ቀርቷል። በጣቴ ባሸው አይለቅም፣ በጨርቅ ብጠርገው አይለቅም። ወይ ጉዴ! የጋሼ የስንት ዓመት ልፋት! ባሌ መጥቶ አየና ምንም አላለኝም። ነግሬሽ ነበር ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ እጣላዋለሁ።

ለሌላ ሳምንት እናስተላልፈው ልለው ጋሼ ጋ ደወልኩ። ገና ሃሎ ከማለቴ «ሱፌን አስተኩሼ ሰቅያለሁ» አለኝ፣ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ። «እሺ ጋሼ፣ ነገ» ብዬ ዘጋሁት።

እሁድ ሁለት ጠረጴዛ ገጥመን አረንጓዴ ጨርቅ አለበስን። ከጨርቁ ስር መጻሕፍት እየከተትን ኮረብታ ሠራን። ሁለቱ ጦሮች ትይዩ ተሰለፉ፤ እግረኛው መሀል፣ ፈረሰኛው ግራና ቀኝ፣ መድፉ ኮረብታው ላይ። እንዲያ አመድ መስለውም ሲያስፈሩ! ጋሼ ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ከረባት አስሮ ገባ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ስድቤን ጠበቅሁ። 

ጋሼ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ዞረው። ጎንበስ አለ። ጥሬ እንደምታይ ዶሮ ራሱን ወደ ጎን ጠምዘዝ አድርጎ አየ። መነጽሩን አውልቆ በከረባቱ ጠረገና መልሶ አደረገው። ደግሞ አወለቀው፣ ደግሞ ጠረገው።

«ቆንጆ ነው» አለ።

እፎይ፣ አላየውም፣ ተረፍኩ ብዬ ተነፈስኩ። ወዲያው ግን ቃሉን በልቤ ደገምኩት። ቆንጆ? ጋሼ? ሦስተኛ ቁልፍ የታለ የሚለው ሰውዬ?

ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ለጠረጴዛው ሰጥቶ። «ተመስገን። ደክመሽልኛል እህቴ» አለ። ቅብጥብጥ እንኳን አላለኝም። መነጽሩን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተውና ለራሱ ያህል፣ «ቀደመኝ እንጂ» አለ።

ያኔ ገባኝ። ጉሙን አይቶታል። አይቶታል፣ ግን ዓይኔ ውስጥ ያለ ነው ብሎ ነው! ያለቀለት መስሎት ነው ጀርባውን የሰጠው።

«ጋሼ! ዓይንህ አይደለም! እኔ ነኝ ያበላሸሁት! ትናንት በዝናብ ቫርኒሽ ነፋሁበት፣ ሁሉም ነጣ!»

ፈገግ አለ፤ የሚያሳዝን ፈገግታ። «አታባብይኝ። አንቺ መቼ ጥፋትሽን አምነሽ ታውቂያለሽ? ዛሬ ለኔ ብለሽ ነው?»

«እውነቷን ነው ጋሼ፣ ቆሜ አይቻለሁ» አለ ባሌ።

«አንተም ሚስትህ ያዘዘችህን ነው የምትለው።»

ደሜ ፈላ። በሕይወቴ አንድ ቀን አጠፋሁ ብል የሚያምነኝ ልጣ! «ውሸቴን ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብዬ ጮህኩ።

 ያልኩትን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው። ምን ይዋጠኝ! ለማን ምን ብዬ ነው የምምለው? አፌን በመዳፌ ያዝኩ። ባሌ መሬት መሬት አየ። ጋሼ ፊቱን ወደኔ አዙሮ በጆሮዬ በኩል ትክ ብሎ ሲያየኝ ቆየ።

መቆም አልቻልኩም፣ ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። ሥራ ቦታ ደብዝዞ የወጣ ጥርስ ሲረጥብ ቀለሙ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ትናንት ይሄ ለምን አልመጣልኝም? ድንጋጤ ራስ ያዞራል። የምግብ ዘይት ጠብ ያደረግሁበት ሲኒና ብሩሽ ይዤ ተመለስኩ። ከፊት ሰልፍ አንዱን እግረኛ አንስቼ ከባርኔጣው እስከ ጫማው ዘይት አስነካሁት። ከወታደሩ የኔ ጣት ብዙ ዘይት ጠጣ። አመዱ ቀልጦ ጠፋ። ከጋሼ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩና ክንዱን ይዤ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት።

መነጽሩን አወጣ። ራሱን ጠመዘዘ፣ ወታደሩን ወደ ዳር አመጣው፣ ደግሞ ጠመዘዘ።

«ቀይ ነው» አለ። ከዚያ «ግልባጩ ቢጫ» አለ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ «ያልነካሽውን ስጪኝ።»

ሰጠሁት። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ አያቸው፣ አንዱን ቀይ፣ አንዱን አመድ።  ይሄኔ ጉድ ፈላ።

«አንቺ ቅብጥብጥ! በዝናብ ቫርኒሽ ይነፋል? ጣሳው ላይ በትልቁ ተጽፎልሽ! ማንበብ አትችይም? እኔ ለአንድ ሰልፍ ወር ሙሉ ፀሐይ የምጠብቀው አብጄ ነው? ፈረሱን እንኳን አልማርሽውም! ደግሞ ይሄንን እይው፣ ይሄንን ጭራ ማን ነው እንዲህ የለቀለቀው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«አንቺ ነሽ! አውቃለሁ አንቺ ነሽ!»

አፉ ይሳደባል፣ እንባው ከረባቱ ላይ ይወርዳል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስድብ እንደዚያ ቀን ጥሞኝ አያውቅም። «ጨምርልኝ» ልለው ምንም አልቀረኝም። ባሌ የሚስቅ ይሁን የሚያለቅስ ሳላውቅ ፊቱን ሸፍኖ ወጥ ቤት ገባ።

«ጋሼ፣ ተቀመጥ። ሁሉንም ዘይት አስነክቼ ለሚቀጥለው እሁድ እንደ አዲስ አደርግልሃለሁ» አልኩት።

«የምን የሚቀጥለው እሁድ?» አለና ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለው። ጋሼ ልብስ ሲጥል አይቼ አላውቅም። «ከነአመዳቸው ይዋጉ። በየትኛው ወገን ነሽ?»

«ያላለቀ ጦር ሜዳ አይወጣም ስትል አልነበር?»

«ቅብጥብጥ፣ አፍሽን ዝጊና ጀምሪ።»

በኮረብታው በኩል ቆምኩ። ደንቡን ለዓመታት ስንጨቃጨቅበት ስለኖርን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ መድፍ ይተኩሳል፣ መምታት አለመምታቱን የሚወስነው ባለነጥቡ ኩብ፣ ዳይሱ ነው፤ ትንሽ ቁጥር ከወጣ ስቷል። እጄ ውስጥ አሽቼ አሽቼ ወረወርኩት። ተንከባሎ በሁለቱ ሰልፎች መሀል ቆመ። ላየው ብል ዓይኔ እንባ ሞልቶ ጨርቁም ዳይሱም ወታደሩም ተደባለቀብኝ። በክንዴ ብጠርገው ተመልሶ ይሞላል።

«ስንት ነው ጋሼ? አልታየኝም» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ፣ ራሱን ጠምዘዝ አድርጎ፣ ረጅም ጊዜ ወስዶ አየልኝ።

«አንድ» አለ። «ስተሻል። ተራው የኔ ነው።»